የጦልሃ የልብ ምት

ኮርኒሱ መንቀጥቀጡን አቆመ። ባሏ ጦልሃ ከሱቋ በላይ ባለው ጂም ብረት ባወረደ ቁጥር ዊዳድ አናቷ ላይ የሚወርድባት ይመስላት ነበር፤ አሁን ግን ዝምታው ባሰባት። ከሚዛኑ አጠገብ ያለውን ስልክ አነሳች። ሐኪሙ ከባድ ነገር እንዳያነሳ ከመከረው ወዲህ ጦልሃ ስልኩን ከእጅ ሰዓቱ ጋር አገናኝቶ፣ “ከፈራሽ ልቤን እያየሽ አርፈሽ ተቀመጪ” እያለ ነው የሚተውላት። የልብ ምቱ ሲጨምር ሲጨምር ቆየና ድንገት ጠፋ። በቁጥሩ ቦታ ሁለት ጭረት ብቻ ቀረ።

ደንበኛዋን ስኳሩን እንዳንጠለጠለ ትታው፣ ስልኩን እንደያዘች የብረት ደረጃውን በባዶ እግሯ ወጣች። ብረት የሚያነሳበት አግዳሚ ወንበር ላይ ማንም የለም። ሰዓቱ ፎጣው ላይ ለብቻው ተቀምጧል። አፈፍ አድርጋ በመዳፏ ጨበጠችው።

ከጓሮ በኩል የቧንቧ ውሃ መውረዱን አቆመና ጦልሃ ከክርኑ ውሃ እያንጠባጠበ ብቅ አለ።

“አቦ ምን ሆንሽ? አዛን ሲል ለሶላት ውዱእ ላደርግ ብዬ ፈታሁት እኮ!”

ስልኩን ከእጇ ተቀብሎ ሲያይ ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ቁጥሩ ተመልሷል፤ መቶ ሰባ አልፏል።

“ዋላሂ፣ ብረቱ ሥር ሆኜ እንኳን እዚህ ደርሼ አላውቅም” አለ ቀስ ብሎ። “የማን ልብ ነው ይሄ?”

ዊዳድ በመዳፏ የጨበጠችውን ሰዓት ልታሳየው ፈለገች፤ ጣቶቿ ግን አልከፈት አሏት።