ከቅርጫ የቀረው ቤት

የባንክ ወለድ የሚወስነው ማሽን የአገሩን ሰው ሁሉ ማጥናት ሰልችቶት አንድ አማካይ ቤተሰብ መረጠ። እኛን! ኩሽናችን ግድግዳ ላይ በተሰቀለች ካሜራ ድስታችንን ያያል፤ እኛ የበላነውን አገር በሙሉ እንደበላው ይቆጥረዋል። ለገና ዶሮ ሠራን፤ «ሕዝቡ ወጪ አበዛ» ብሎ በማግስቱ ወለድ ሰቀለ። ከዚያ ወዲህ ጎረቤቶቻችን ዘንቢላችንን ሳያዩ አያሳልፉንም።

የፋሲካ ዋዜማ የሰፈሩን ቅርጫ የሚያስተባብሩት ጋሽ ላቀው መጡ። በሬው ተገዝቷል።

«ዘንድሮ እናንተ ብትቀሩስ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ጾሜ?»

«ልጄ ለሚኒባስ ሊበደር ነው። እናንተ ሥጋ ከቀመሳችሁ ወለዱ አናቱ ላይ ይወጣበታል። ለአገር ስትሉ!»

«አገሩ ራሱ ለምን አይጾምም?» አለች ባለቤቴ ድንቅነሽ ከጓዳ። ጋሽ ላቀው እንዳልሰሙ ሆነው ወጡ።

በፋሲካ ጠዋት ሰፈሩ በጥብስ ሽታ ታወደ። እኛ ሽሯችንን ከበን ተቀመጥን። ሬዲዮው ዜና አሰማ፦ «ሕዝቡ ዘንድሮ ሥጋ ስላላማረው የባንክ ወለድ እንዲቀንስ ተወስኗል።»

ከጋሽ ላቀው ግቢ እልልታው ቀለጠ። ወዲያው እሳቸው ራሳቸው፣ አፋቸው ጥብስ እንደሞላ፣ ከአጥሩ በላይ ብቅ አሉ።

«ተባረኩ! ለዳግማ ትንሣኤም እንዲሁ፣ አደራ!»

ድንቅነሽ የሽሮውን ድስት በመጨረሻዋ ቁራሽ እንጀራ ጠርጋ በላችና ባዶውን ድስት አንስታ ለካሜራው አሳየችው።

«ጻፍ» አለችው፤ «ሕዝቡ ጠግቧል።»