ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ

የሠርግ ቪዲዮ አቀናባሪው ሁለት የኮምፒውተር ዲስኮች የገዛ ዕለት ሚስቱ አስካለ፣ «አንዱ የሌላው ግልባጭ ይሁን፤ ቢበላሽ መጠባበቂያ ይሆንሃል» ብላው ነበር። እሱ እቴ! ፍጥነት አማረው። የእያንዳንዱ ሠርግ ቪዲዮ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ እንዲቀመጥ አድርጎ አጣመራቸው። እውነትም ሥራው እንደ ጥይት ፈጠነ።

ባለፈው ሳምንት አንደኛው ዲስክ ሞተ። የተረፈው ግማሽ ብቻውን አልከፈት አለ፤ ገና ያልተረከበው የአንድ ሙሽራ ሠርግ እንዳለ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ሱቁን ከውስጥ ቆልፎ፣ ሙሽራው መጥቶ ባንኳኳ ቁጥር ትንፋሹን ይውጣል። ለአስካለ እንኳ የተናዘዘው ዛሬ ጠዋት ነው።

ከሰዓት በኋላ ሙሽሪት ራሷ በጓሮ በር ገባችበት።

«ጋሼ፣ የሠርጌ ቪዲዮ...»

«ጠፍቷል፣ እህቴ!» አለ ላብ አጥምቆት። «ዲስኩ ተበላሸ። የፈለግሽውን አድርጊኝ።»

«ሙሉ በሙሉ?»

«አንድ ደቂቃ አልተረፈም።»

ሙሽሪት ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። «ተመስገን! ሌላ ሰው እንደምወድ ለሚዜዬ ሳወራላት ለካ ማይኩ ቀሚሴ ላይ እንደበራ ነበር። አጥፋልኝ ልልህ ነው የመጣሁት።»

አቀናባሪው ከሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊስቅ አፉን ሲከፍት፣ አስካለ እየተፍለቀለቀች ገባች።

«አንተ ፈሪ፣ በርህን ክፈት ከእንግዲህ! እንደማትሰማኝ ስለማውቅ ሁሉንም በድብቅ አሮጌው ዲስክ ላይ ገልብጬው ነበር።» ሙሽሪትን ስታይ ይበልጥ ፈካች። «ውይ የኔ ቆንጆ፣ እዚህ ነሽ? ባልሽን ደጅ ቆሞ አግኝቼው አሁን ሰጠሁት። መኪናው ውስጥ ከፍቶ እያየው ነው።»