የምድር ቤቱ ሰው አረማመድ

«የምድር ቤቱ ሰው» ክፍል ዘጠኝ ገና ሲኒማ ቤት እንደገባ ትሩዲ ኮቫች ፍርዷን ሰጠች። ፊልሙ ማጭበርበር ነው አለች።

ትሩዲ ፒትስበርግ ውስጥ የአስፈሪ ፊልም አፍቃሪዎችን ማኅበር ትመራለች። በየሳምንቱ በኢንተርኔት የምታወራውን የሚያዳምጥ ብዙ ሰው አለ፤ እሷ ያጣጣለችውን ክፍል ደፍሮ የሚያወድስ ግን የለም። ክፍል አምስትን በአንድ ምሽት ቀብራዋለች። ይበለው፤ ክፍል አምስት ከመጀመሪያውም ሬሳ ነበር።

«ደሙም ጩኸቱም ጥሩ ነው» አለች። «ጭንብሉ ውስጥ ያለው ሰው ግን ቨርጂል ስታውፈር አይደለም። አንዱን ጀማሪ አልብሰው የሽማግሌውን ስም ለጥፈውበታል። ያላወቅን መስሏቸዋል!»

ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ በተዋንያን ዝርዝር ላይ ከጭንብላሙ ገዳይ ጎን የሚጻፈው የቨርጂል ስም ነው። ገዳዩ ፊቱ አይታይም፤ አይናገርም። ያለው አረማመዱ ብቻ ነው። ተረከዙን አስቀድሞ፣ ሳይቸኩል፣ የተኛ ሰው እንዳይነቃ የሚጠነቀቅ ይመስል ይመጣል። ከገባ በኋላ በሩን ከኋላው ቀስ አድርጎ ይዘጋል። ስንቱ ልጅ መብራት አጥፍቶ መተኛት ያቃተው በዚያች በር አዘጋግ ነው። በዘጠነኛው ክፍል ግን ሰውየው እየተንገዳገደ ይገባል፤ በሩንም ጓ አድርጎ ይዘጋዋል።

ወሬው ቨርጂል ዘንድ ሲደርስ ሰውየው ባዶ ቤት ውስጥ ነበር። ረጅሟ ሚስቱ አርሊን አምና ሞታለች፤ ክፍል ዘጠኝ የተቀረጸው ከቀብሯ በኋላ ነው። አርሊን የሆስፒታል የሌሊት ነርስ ነበረች። ፊልም በተቀረጸ ቁጥር የዓመት ፈቃዷን አጠራቅማ አብራው ትሄድ ነበር። ጭንብሉ የሚጠለቀው ቀረጻው ቦታ በሚቆመው ተጎታች ቤታቸው ውስጥ ነው፤ ከባልና ሚስቱ በቀር ማንም ዝር አይልም። ቨርጂል «ሰው ካየኝ ሥራው አይመጣልኝም» ይል ነበር። ሁሉም የአርቲስት ጠባይ ነው ብሎ ተወው።

አሁን በስተርጅና አጭበርባሪ ሊባል ነው። እሷ የለች፤ ስሙም ከሄደ ምን ሊቀረው ነው?

በዚያው ሰሞን የማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ተደረገ። ተዋንያን ይመጣሉ፣ ይፈርማሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ። ቨርጂልም መጣ። ድሮ «እስቲ ይራመዱልን» ሲሉት ጉልበቱን እያሻሸ በቀልድ ያመልጥ ነበር። ዘንድሮ ትሩዲ ማይክራፎን ይዛ መድረኩ ላይ ጠበቀችው።

«ጋሽ ቨርጂል፣ ከእርስዎ ጋር ጠብ የለኝም» አለች። «በስምዎ የነገዱት ፊልም ሠሪዎቹ ናቸው። ከዚህ እስከዚያ በር ድረስ ይራመዱልንና እንገላገል።»

«ጉልበቴ እኮ...»

«ኧረ ጋሼ፣ የጉልበትዎን ነገር በየዓመቱ ሰማን!» አለ አንዱ ከኋላ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ቨርጂል አልሳቀም። ከፊት የተቀመጠች ሴት የላስቲክ ጭንብሏን አቀበለችው። አጠለቀው፤ ትንፋሹ ከውስጥ ሲቆራረጥ ሁሉም ሰማው። ከዚያ ተራመደ። መሃል ላይ ተንገዳገደ። እንደምንም በሩ ጋ ደርሶ ወጣና ጓ አድርጎ ዘጋው።

ሳቁ ቀጥ አለ። ያ አረማመድ ማንንም አያሳስትም፤ የክፍል ዘጠኝ ነው።

ትሩዲ ፊቷ ደም መሰለ። ያም ሆኖ ማይክራፎኑን አልለቀቀችም።

«ራሳቸው ናቸው» አለች። «እኔን ምላሴን ይቁረጠው። ፊልሙን የሠሩት እሳቸው ናቸው፤ ማጭበርበር የለበትም።»

ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበ። የሽማግሌው ስም ዳነ።

ትሩዲ ከበሩ ጀርባ ስታገኘው ጭንብሉን አውልቆ መሬት ላይ ተቀምጧል። ላብ አጥምቆታል። አንጀቷን በላት።

«ይቅር ይበሉኝ» አለች አጠገቡ በርከክ ብላ። «ሐዘን ነው እንዲህ ያደረገዎት። ባለቤትዎ ከሞቱ በኋላ የድሮው እርምጃ ከየት ይመጣል? ማሰብ ነበረብኝ።»

«ደግ ነሽ። ግን ክፍል ዘጠኝ አይረባም፤ ልክ ብለሻል።»

«እንደሱ አይበሉ። ስምንቱን እንደዚያ አድርጎ የሠራ ሰው አንዴ ቢደክመው ምን ይደንቃል? በአሥረኛው ይመለስልዎታል።»

ቨርጂል ጭንብሉን ከመሬት አንሥቶ አገላበጠው።

«ልጄ፣ ከዘጠነኛው በፊት እኔ ይህን ነገር አጥልቄው አላውቅም።»