የተጣፈው ቺንጋ

«አሁንም ዘገየሽ» አለ ሽቦ፣ የጊታሩን ክሮች በመዳፉ ዝም አሰኝቶ። ሽቦ የሚሉት ለቅጥነቱ ነው። ባንዱን ያቋቋመው እሱ ነው፣ የድራም መቺዋ የአጎት ልጅም ነው። ዝምድናው ግን ዛሬ አላራራውም።

ድራም መቺዋ በትሮቿን አወረደች። በማዳመጫዋ ውስጥ ምቱን የሚቆጥረው ድምፅ አሁንም ጢቅ ጢቅ ይላል። ስቱዲዮ ከገቡ ጀምሮ ከዚህ ድምፅ ጋር አይጥና ድመት ሆነዋል። ልትደርስበት በሮጠች ቁጥር ዘፈኑ ይበላሻል፣ ካልሮጠች ደግሞ ጥሏት ይሄዳል።

«ጋሼ» አለ ሽቦ ወደ መስታወቱ ዞሮ፣ «የማውቀው ጎበዝ ድራም መቺ አለ። ብደውልለት ይመጣል። መድረክ ላይ እሷው ትመታለች፣ ለአልበሙ ብቻ ነው።»

ከመስታወቱ ወዲያ የተቀመጡት ፕሮዲዩሰር በሙዚቀኞች ዘንድ ጋሽ ጆሮ ይባላሉ። እሳቸው የያዙት ባንድ ሰው ሆኖ ይወጣል፤ ስንቱን ደግሞ ከበር መልሰዋል። ጢማቸውን እየዳበሱ ትንሽ አሰቡና «ደውልለት» አሉ።

ሽቦ ስልኩን ይዞ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ዘፋኝ ዓይኗን ላለማየት ጫማውን ማሰር ጀመረ። ማዳመጫዋን አውልቃ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። በገዛ ባንዷ አልበም ላይ የሰው እጅ ሊገባ ነው። ሲከፋት እጇ አርፎ አይቀመጥምና፣ ሳታስበው የድራሙን ጠርዝ በጣቷ መምታት ያዘች።

በሩ ተከፈተ። ጋሽ ጆሮ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ቆመዋል።

«ምንድነው የምትመቺው?»

«ምንም፤ ዝም ብዬ ነው።»

«ማይኩ ክፍት ነው፣ ሰምቼሻለሁ። ዘፈናችሁን ነው የምትመቺው። ቅድም ያልነበረ ነገር አለው። ከማን ነው የተማርሽው?»

አፈረች። «ከወፍጮ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ጋሽ ጆሮ አልሳቁም። ወንበር ስበው ተቀመጡ። እሷም ነገሯን ዘረገፈችው። አባቷ ወፍጮ ቤት አለው። ባንዱ የሚለማመደው ከወፍጮው ጀርባ ባለችው የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ወፍጮውን የሚያዞረው የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ልጅ እያለች ተበጥሶ በቁራጭ ጎማ ተጥፏል፤ አባቷ ዛሬ ነገ እለውጠዋለሁ እያለ ይኸው አለ። የተጣፈው ቦታ መዘውሩ ላይ በደረሰ ቁጥር ጧ ይላል፣ ቺንጋውም ለአፍታ አንክሶ መንገዱን ይቀጥላል። ድራም ምን እንደሆነ ከማወቋ በፊት እጇ ያንን ያውቅ ነበር።

«እዚያ ነው ሁልጊዜ የምትለማመዱት? ሞተሩ እየሠራ?»

«ገበያተኛ መቼ ይጠፋል ጋሼ።»

«ታዲያ ለምን አትነግሩኝም!» ብድግ አሉ። «ለካ አራተኛውን ተጫዋች ቤት ረስታችሁት ነው የመጣችሁት።»

ከዚያ በኋላ የሚያቆማቸው አልተገኘም። ቆጣሪውን ድምፅ አጠፉት። የሁሉንም ማዳመጫ ሰብስበው ወንበር ላይ ከመሩት። ቤዙን ከነባለቤቱ ጎትተው ጉልበቷ ሥር አስቀመጡት። ሽቦ «እየመጣ ነው» እያለ ሲገባ ደግሞ የጊታሩን አምፕሊፋየር ድምፅ ዝቅ ሲያደርጉበት ደረሰ።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ይሄን ሁሉ ጩኸት የምታስነሳው ወፍጮውን ልትበልጥ ነው። እዚህ ወፍጮ የለም። ዝቅ ብለህ ተጫወት፣ እሷ ሳትመታ ደግሞ እጅህን እንዳታነሳ።»

«ትዘገያለች እኮ!»

«ትዘግይ። አብራችሁ ዘግዩ።» ወደ እሷ ዞሩ። «አንቺ፣ ቺንጋውን አምጪው» ብለው ሊቀዱ ከመስታወቱ ወዲያ ተመለሱ።

ዓይኗን ጨፈነች። መጀመሪያ የዱቄቱ ሽታ መጣላት፣ ከዚያ ሞተሩ። ጧ። መታች። ቤዙ ከሥሯ ተነሳና አብሯት አነከሰ። ሽቦ እንደ ልማዱ ሊቀድም ቃጣው፣ ያዝ አድርጎ ጠበቀ፣ እሷ ስትመታ እሱም መታ። ወለሉ ነዘረ። ከዓመት ዓመት ሲጋፉበት የኖሩት ዘፈን ድንገት ሰፊ ሆነ፤ ዘፋኙ ሳይጮኽ ገባበት፣ ቃሉም አንድ በአንድ ተሰማ። እንዲህ ያለ ደስታ በሕይወቷ አታውቅም።

ዘፈኑ አበቃ። ሽቦ ጊታሩን እንዳንጠለጠለ ስልኩን አወጣ።

«ወዴት ነው?» አለችው።

«ያንን ሰውዬ አትምጣ ልበለው እንጂ!» አለና ሳቀ፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሯል። «ጉድ አደረግሽን እኮ፣ የአጎቴ ልጅ።»

ጋሽ ጆሮ ማመስገን አይሆንላቸውም ይባላል። አሁን ግን ከመስታወቱ ወዲያ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ነበር።

እሷ ለአባቷ ደወለች። ልምምዳቸውን አንድ ቀን እንኳ ሰምቶ አያውቅም። ወፍጮው ሲሠራ ማንም ማንንም አይሰማም፤ ሲቆም ደግሞ «ጆሮዬን ላሳርፍበት» ብሎ ያባርራቸዋል።

«አባባ፣ ወፍጮውን አጥፋና ስማኝ!»

«ምን?»

«አጥፋው!»

ሞተሩ እያቃሰተ ጸጥ አለ። አባቷ እንደ ልማዱ የስልኩን ድምፅ ለቆ መደርደሪያው ላይ ሲያኖረው ተሰማት። ስልኳን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠጋች፣ ጋሽ ጆሮም አጫወቱት። መግቢያው ላይ ድራሙ ብቻውን ጧ እያለ ያነክሳል።

ትንሽ ቆይቶ የአባቷ ቁጣ መጣ። ከወፍጮ ቤቱ ሠራተኞች ጋር ነበር።

«ማነው ሞተሩን መልሶ ያስነሳው? አጥፉት አልኩ እኮ፣ ልጄን ልስማበት!»