የእናቴ ግድግዳ ሻጋታ

እስራኤል ውስጥ ገዴራ በሚገኝ ላቦራቶሪ የሻጋታ ዝርያ እለያለሁ። ቂርያት ማላኪ ያለችው እናቴ የመኝታ ቤቷን ግድግዳ ኤኮኖሚካ የሚሉትን በረኪና እያፈሰሰች ብትፈትገውም ጥቁሩ ሻጋታ አልለቅ አላት። ባለፈው ሳምንት ሄጄ ፍቄ አመጣሁት።

አንዱ የላቦራቶሪ ማብቀያ ሳህን ላይ ሻጋታውን ዘራሁ። ሌላው ላይ፣ እንደ ደንባችን፣ የታጠቡ ጣቶቼን ጫን አደረግሁ፤ እጅ ንጹሕ ከሆነ ምንም አይበቅልበትም።

ዛሬ ስከፍታቸው የግድግዳው ሳህን ባዶ ነው። የጣቶቼ ሳህን ላይ አምስት ጥቁር ክቦች በቅለዋል።

አለቃዬ ኤሊዮር በማይክሮስኮፕ አይቶ፣ «ማዛል ቶቭ፣ እንኳን ደስ አለሽ! ማንም የማያውቀው ዝርያ ነው። ያላ፣ በይ ስም አውጪለት» አለኝ።

ወዲያው እናቴ ደወለች።

«ናዓማ ልጄ፣ ተመስገን ነው! አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ግድግዳው ነጣ። ለቀቀኝ።»

ጣቶቼን ላለማየት ጓንቴን እስካሁን አላወለቅሁም።