የጋሽ ድንበሩ ተራ

ወረርሽኝ ሲመጣ ማን ቀድሞ የመተንፈሻ ማሽን እንደሚያገኝ የሚናገር ቁጥር በየሰፈርተኛው አምባር ላይ አለ። ጠብ እንዳይነሳ ተብሎም ሕግ ወጣለት፦ ሌላውን «ቅደም» ያለ ሰው ቁጥሩን ከእሱ ጋር ይለዋወጣል። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች እኛ በር ላይ ስንገናኝ አላዩንም።

ጋሽ ድንበሩ ሲጀመር ሦስተኛ ነበሩ። ታክሲ ላይ «ይቅደሙ»፣ ለቅሶ ቤት ደጃፍ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» ሲሉ ሲሉ ሁለት መቶ አሥራ ሁለተኛ ሆኑ።

ዛሬ ጠዋት ወረርሽኙ ከተማ መግባቱ ተለፈፈ። የተራው ዝርዝር ሰባት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ከዚያ ወዲያ መለዋወጥ የለም ተባለ። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺመቤት አራተኛ ናቸው፤ አስም ያለባቸው ግን ጋሽ ድንበሩ ናቸው።

ለሰባት ሩብ ጉዳይ ሲል ምሳ ቀረበ።

«ድንበሩ፣ ቅደም» አሉ ወይዘሮ የሺመቤት። አምባሮቹ ጢው አሉ።

«ኧረ አንቺ ቅደሚ» አሉ ጋሽ ድንበሩ፣ አምልጧቸው። እንደገና ጢው።

«አንተ ሰውዬ፣ ቅደም አልኩህ።»

«አንቺ እያለሽ? ቅደሚ እንጂ።»

ወይዘሮ የሺመቤት ባላቸውን አፍጥጠው አዩ። አርባ ዓመት የኮሩበት ጨዋነት ሰውየውን ሊገድልባቸው ነው። እጅጌያቸውን ሰብስበው ጡጫ የሚያህል ጉርሻ ጠቀለሉ።

«በሞቴ፣ አፍህን ክፈት።»

ጉርሻ እምቢ አይባልምና ከፈቱ። አፋቸው ሲሞላ «ቅደም» አሏቸው፤ አምባሮቹ ጢው አሉ። ጋሽ ድንበሩ ጉንጫቸው ተወጥሮ እጃቸውን አወራጩ። ሳይውጡ ሁለተኛው ደረሰ፤ ከዚያ ሦስተኛው።

ሰባት ሰዓት ሞላ።

«አንቺስ?» አሉ፣ እንደምንም ውጠው።

«እኔን ተወኝ» አሉ ሁለት መቶ አሥራ ሁለተኛዋ፣ ብርጭቆ እየሰጧቸው። «ውሃ ጠጣ፣ እንዳያንቅህ።»