የሕሙማን ቅባት

የካቶሊኩ ቄስ አባ ቶማስ በጽኑ የታመመ ሰው ግንባሩን የሚቀባበትን የተባረከ ዘይት፣ የሕሙማን ቅባት፣ ይዘው ሲገቡ እናትየው ክው አለች። ሦስት ቀን እያሳለች የተኛችው ልጇ ክላራ ልትሞትባት እንደሆነ ደመደመች። በዚያ ላይ አባ የመጡት እግሩ መግል ከቋጠረው ጎረቤት ቤት ነው። አውራ ጣታቸው በቅባቱ ገና እንደወዛ ነው፤ የቁስሉ ሽታም አብሯቸው ገብቷል። አፍንጫዋን ይዛ አልጋው ፊት ተገተረች።

«አባ፣ በዚህ እጅ ልጄን አይነኩም።»

«ሰይጣን እንኳ እንዳንቺ ቅባት አይጠላም» አሉ አባ እየሳቁ።

ክላራ ከአልጋዋ ተነሥታ እናቷን ከኋላ አቀፈቻት።

«እማ፣ አባን የጠራኋቸው ላንቺ ነው። የሆድሽ ምርመራ ውጤት ትናንት ደርሷል፤ ልነግርሽ ፈርቼ ነው።»

አባ ሳቃቸውን አቁመው አውራ ጣታቸውን ወደ እናትየው ግንባር አነሡ።